ከዲሽ እስከ ፍላሽ፦ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሪሲቨር ቀድቶ ለማስቀመጥ

አየር ጤና አካባቢ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው በልጆች ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ግጥም ሊያነብ መሆኑን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው እሑድ ምሽት 1 ሰዓት ነው። በዚያው ሰዓት ግን ለቅሶ ቤት መድረስ ነበረባቸው። ሪሲቨራቸው መቅዳት እንደሚችል ሰው ነግሯቸው ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት ፍላሽ አስገዙ፤ የሰፈር ልጅ ጠርተውም ቀኑን እሑድ፣ ሰዓቱን 01:00 አስሞሉ። እሑድ ማታ ሲመለሱ ፍላሹ ውስጥ አንድ ፋይል አለ። ሲከፍቱት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተላለፈ የሙዚቃ ክሊፕ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ከዳኝ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ሪሲቨሩ ግን የታዘዘውን ነበር ያደረገው።

ከዚያ ወዲህ በኮልፌ ቀራንዮ ብዙ ቤት ገብቼ የሰዎችን ሪሲቨር ነካክቻለሁ። ቀረጻ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ ከመጫኑ አስቀድሞ እንደሆነ የተረዳሁት በዚያ ነው። ዲሹ ላይ ይበላሻል፣ ፍላሹ ላይ ይበላሻል፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱ ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቁልፉ ጥቂት፣ ከቁልፉ በፊት ስላለው ብዙ ይናገራል።

ፍላሹ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

በካሴት ዘመን የቪዲዮ ማጫወቻው ምስልና ድምፁን እንዳለ በክሩ ላይ ያትም ነበር። ከቅጂ ላይ ሲቀዳ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ይፈስሳል። የዛሬው ሪሲቨር ስክሪኑን አያይም፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ይቀዳል። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ሳተላይት የሚወርድለት ነገር የቁጥር ጅረት ነው። ጅረቱ እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይመጣል። እያንዳንዱ እሽግ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አለው፤ ቀጥሎ የማን እንደሆነ የሚናገር መለያ ቁጥር ይከተላል።

ወፍጮ ቤት ያስቡ። የሃያ ቤት እህል በአንድ ጊዜ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በየኬሻው ላይ ስም ስለተጻፈ ማንም የማንንም አይወስድም። በአንድ ፍሪኩዌንሲም የብዙ ቻናሎች እሽጎች ተቀላቅለው ይጓዛሉ። እርስዎ አንድ ቻናል ሲመርጡ ሪሲቨሩ የዚያን ቻናል የምስልና የድምፅ መለያ ቁጥሮች ብቻ እየለቀመ ሌላውን ይጥላል። የተለቀመው ወደ ምስል መፍቻው ሄዶ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ያው የተለቀመ እሽግ ሳይፈታ ወደ ፍላሹ ይጻፋል። ኋላ ሲያጫውቱ እሽጎቹ ከፍላሹ እየተነበቡ ወደዚያው መፍቻ ይገባሉ። መፍቻው ከዲሽ ይምጣ ከፍላሽ አይለይም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው አስደሳች ነው፦ የተቀዳው በቀጥታ ከታየው በጥራት አያንስም፤ መቶ ጊዜ ቢገለበጥም አይደበዝዝም። ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፦ ከዲሹ የጎደለ እሽግ ከፍላሹም ለዘለዓለም የጎደለ ነው። ኋላ የሚያስተካክለው ቁልፍ የለም።

ሪሲቨርዎን ይወቁት

ከኋላው ወይም ከፊቱ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ መኖሩን ይመልከቱ። ካርቶኑ ላይ «ፒቪአር» የሚል ጽሑፍ ካለ ይቀዳል ማለት ነው። «ፒቪአር ሬዲ» ካለ ደግሞ መቅዳት ይችላል፣ ማስቀመጫውን ግን እርስዎ ይገዛሉ ማለት ነው። ቀዳዳ ኖሮት የማይቀዳ፣ ፎቶና ሙዚቃ ብቻ የሚያሳይ ሪሲቨርም አለ። ስለዚህ ሲገዙ ሻጩ ፊት ፍላሽ ሰክተው፣ አንድ ደቂቃ ቀድተው፣ መልሰው አጫውተው ይግዙ። ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ባይገዙ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳውን ነገርም እዚህ ላይ ላንሳው። ልጆቹ አንዱን ቻናል እየቀዱ ሌላውን ለማየት ይሞክራሉ፤ አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ «ቀረጻው ይቁም?» የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ ርካሽ ሪሲቨሮች አንድ መቀበያ ብቻ አላቸው፤ መቀበያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። የሚቀዱት ቻናልና ማየት የሚፈልጉት ቻናል በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ሁለቱም ኬሻዎች በአንድ ወፍጮ ቤት ናቸው፤ ችግር የለም። በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ግን አይሆንም። የቻናሉ ስም ላይ ሆነው የመረጃ ቁልፉን ሲጫኑ ፍሪኩዌንሲው ይታያል። አንድ ዓይነት የሆኑትን በወረቀት ጽፈው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቢለጥፉ የቤቱ ሰላም ይጠበቃል።

ዲሹ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኞቹ የሀገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት በሚባለው መድረክ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ይተላለፋሉ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ይህ ሳተላይት ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው፤ ከአድማስ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ማለትም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነው የሚታየው፤ የጎረቤት ፎቅና ዛፍ ብዙ አይጋርዱትም። በፊት የነበረው የናይልሳት አቅጣጫ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከኮልፌ ቀራንዮ ሆኖ ወደ ወጨጫ፣ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ። ሁለቱንም የሚጠቀም ቤት በምዕራብ በኩል አዲስ ፎቅ ሲሠራ ወይም ባሕር ዛፉ ሲያድግ የአንዱ ሥርጭት ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ ይጠብቅ።

በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ አንዱ የሲግናሉን ጉልበት፣ ሌላው ጥራቱን ያሳያል። ለቀረጻ የሚያስፈልግዎ ጥራቱ ነው። ጉልበቱ መቶ ሞልቶ ጥራቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ዲሹ ወደ ሌላ ሳተላይት ዞሮ ወይም ምንም ሳይዝ ዲሹ ላይ ካለው ኤልኤንቢ የሚመጣ ባዶ ጉልበት ሊሆን ይችላልና። በጠራ ቀን ጥራቱ ምስል ለማሳየት ያህል ብቻ ከሆነ ሐምሌ ላይ አይቆምም። እነዚህ ሳተላይቶች የሚጠቀሙበት ሞገድ በዝናብ ጠብታ በቀላሉ ይዋጣል። ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ ምስሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ የዲሹን ብሎን ያጥብቁ፤ የኬብሉ ጫፍ ዝጎ ከሆነ ቆርጠው እንደገና ይግጠሙ፤ መጋጠሚያውንም ውሃ እንዳይገባ በፕላስተር ይጠቅልሉ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ውድ ሪሲቨር የበለጠ ይጠቅማል።

በቀረጻ ላይ የአንዲት ጠብታ ሲግናል መጉደል ለምን ያን ያህል ይጎዳል? ምስል በሴኮንድ 25 ጊዜ ይቀያየራል፤ ሆኖም 25ቱም በሙሉ አይላኩም። አንድ ሙሉ ምስል ይላካል፤ ተከትለውት የሚመጡት «ከዚያኛው የተለወጠው ይህ ብቻ ነው» የሚሉ ማስተካከያዎች ናቸው። አንድ እሽግ በዝናብ ቢጠፋ የሚቀጥሉት ማስተካከያዎች በተሳሳተ መሠረት ላይ ይገነባሉ። አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ፊት ላይ ይለጠፋሉ፤ ሌላ ሙሉ ምስል እስኪመጣም ስክሪኑ አይጠራም። ለአንድ ሴኮንድ ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ይቆያል። ድምፁ ግን የራሱ እሽግ ስላለው ምስሉ ቆሞም ሊቀጥል ይችላል።

ፍላሹ

የፍላሽ ዋጋ ርካሽ ሲሆን ይጠራጠሩ። 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበትና በውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ያለው ፍላሽ ገበያ ላይ አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም 64 ብሎ ይዋሻል። ከ8 በኋላ የሚጻፈው ሁሉ የትም አይደርስም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እስኪሞላ ድረስ ፊልም ይገልብጡበት፣ ነቅለው መልሰው ይሰኩት፣ የመጨረሻውን ፊልም ከመካከሉ ከፍተው ይዩ። ከተከፈተ እውነተኛ ነው።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል? ስሌቱን ይያዙት፦ አንድ ቻናል በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክ ከሆነ አንድ ሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይይዛል። በ2 ሜጋ ቢት የሚላክ ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 900 ሜጋ ባይት፣ በ4 ሜጋ ቢት የሚላክ ደግሞ 1.8 ጊጋ ባይት ማለት ነው። የሚቀዱት ቻናል በስንት እንደሚልክ ለማወቅ አሥር ደቂቃ ቀድተው የፋይሉን መጠን በ6 ያባዙ፤ የአንድ ሰዓቱን ያገኛሉ። እግር ኳስ፣ ብዙ እንቅስቃሴ ስላለው፣ ከውይይት ፕሮግራም የሚበልጥ ቦታ ሊፈልግ ስለሚችል ትንሽ ይጨምሩ።

ቀጥሎ ፎርማቱ አለ። ብዙ ሪሲቨሮች የሚያነቡት ፋት 32 የሚባለውን ነው፤ አንዳንዶቹ ኤንቲኤፍኤስንም ያነባሉ፤ ትላልቅ ፍላሾች ተሠርተው የሚመጡበትን ኤክስፋትን ግን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። «ፍላሹን አያይልኝም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መላው ፎርማቱን ራሱ ሪሲቨሩ ላይ፣ ከቀረጻ ወይም ከማስቀመጫ ሜኑው ውስጥ ማድረግ ነው። ፎርማት ሲደረግ በፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ለዚህ አይጠቀሙ።

ፋት 32 አንድ ጠባይ አለው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ሊበልጥ አይችልም። በ4 ሜጋ ቢት ለሚላክ ቻናል ይህ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። የትንሣኤን ሌሊት ሥርጭት፣ የጥምቀትን ከተራ ወይም የረመዳንን ረጅም የምሽት ፕሮግራም የሚቀዳ ሰው በእርግጠኝነት ያልፈዋል። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች 4 ጊጋ ሲደርሱ ፋይሉን ዘግተው ሌላ ይከፍታሉ፤ ሲያጫውቱም አንድ አድርገው ያሳያሉ። የእርስዎ እንደዚያ መሆኑን ግን በበዓሉ ሌሊት ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ይፈትሹ።

ሃርድ ዲስክ መጠቀም ከፈለጉ ኃይሉን ያስቡ። የሪሲቨሩ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ አንዳንድ ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማ ካልተነሣ ዕቃው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ የራሱ መብራት ያለው ማስተላለፊያ ሲገባለት ይሠራል።

ሰዓቱ፦ ብዙ ቀረጻ የሚሞትበት ቦታ

እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። ሪሲቨሩ በእጅ ካልተሞላ ሰዓቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ የሚቀበለውም የግሪንዊች ሰዓት ነው። እርስዎ በሜኑው ውስጥ የጂኤምቲ ልዩነት ሲመርጡ ያንን ይደምርበታል። ለሀገራችን ልዩነቱ 3 ሲደመር ነው፤ የበጋ ሰዓት የሚባለው ምርጫ ደግሞ ይጥፋ፤ እኛ ሰዓት አንቀይርምና።

ይህን ሲያደርጉ ሪሲቨሩ የሚያሳየው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የዜናው ምሽት 2 ሰዓት እሱ ዘንድ 20:00 ነው። ስለዚህ ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፦ ረፋድ 4 ሰዓት 10:00 ይሆናል። ለምሽት 18 ይደምሩ፦ ምሽት 1 ሰዓት 19:00፣ ምሽት 3 ሰዓት 21:00። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ደግሞ 6 ይቀንሱ፣ ቀኑንም ወደ ቀጣዩ ያሳልፉ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለሪሲቨሩ ረቡዕ 01:00 ነው። የጎረቤቴ ስሕተት ከዚህ የመጣ ነበር፤ እሑድ 01:00 ማለት ለማሽኑ የቅዳሜ ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ ነው።

ሦስት ዓይነት ስሌት ማስታወስ ለሚከብደው ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ለአረጋውያን ቤት ሁልጊዜ የምሠራው ይህንን ነው። የጂኤምቲ ልዩነቱን 3 ሲደመር ሳይሆን 3 ሲቀነስ ያድርጉት። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ስለሚያንስ ሪሲቨሩ ወዲያው ሀበሻ ይሆናል። ረፋድ 4 ሰዓት 04:00 ብሎ ያነባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ለሁሉም 12 ይደምሩ፤ ምሽት 1 ሰዓት 13:00፣ የዜናው 2 ሰዓት 14:00፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት 19:00። ምሽት 12 ሰዓት ራሱ 12:00 ነው፤ ምንም አይደመርበትም። ጠዋት 12 ሰዓት 00:00 ነው። ከሁሉ የሚያምረው ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ መሆኑ ነው። ማክሰኞ ማታ ተኝተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚጀምረው ፕሮግራም ለሪሲቨሩም ገና ማክሰኞ ነው፤ እኛ እንደምናስበው። ቀኑና ወሩ ግን የፈረንጅ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ቀጠሮውን በቀን ቁጥር ሳይሆን በሳምንት ቀን መምረጥ ከቻሉ ያንን ይምረጡ።

ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና ለቤተሰቡ ሁሉ ይንገሩ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲደምር ሌላው ሲቀንስ ነው ጥፋት የሚደርሰው።

ማዘዝና መቅዳት

አሁን ቁልፉ። በቀጥታ እያዩ ለመቅዳት በሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበትን ይጫኑ፤ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል። ሁለተኛ ጊዜ ሲጫኑ አብዛኞቹ ሪሲቨሮች የቆይታውን ጊዜ ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ምንም ካልተነገራቸው ሁለት ሰዓት ቀድተው ያቆማሉ፤ ረጅም ፕሮግራም ከሆነ ያስተካክሉት።

በሌሉበት ለመቅዳት ከሜኑው ታይመር የሚለውን ይክፈቱ። ቻናሉን፣ አንድ ጊዜ ወይም በየሳምንቱ መሆኑን፣ ቀኑን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓቱን ይሙሉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘልለው አንድ መስመር አለ፦ አገልግሎቱ «ቀረጻ» ነው ወይስ ቻናል መክፈት ብቻ? ሳይቀየር ከተተወ ሪሲቨሩ በሰዓቱ ተነሥቶ ቻናሉን ለባዶ ቤት ያሳያል፣ አንድ ባይት አይቀዳም። የቻናሎቻችን ፕሮግራም በደቂቃው ስለማይጀምር 5 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምር፣ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ያብቃ። ማስታወቂያ መዝለል ቀላል ነው፤ የልጅን ፊት ግን መጨረሻው ላይ ተቆርጦ ማየት ያንገበግባል።

በቀጥታ እያዩ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ደግሞ የማቆያ ቁልፉን ይጫኑ። ምስሉ ይቆማል፣ ሪሲቨሩ ግን ከኋላ መጻፉን ይቀጥላል፤ እንግዳውን ሸኝተው ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይህ ታይምሺፍት የሚባለው ነው። በአንድ ጊዜ እየጻፉ ከሌላ ቦታ የማንበብ ዘዴ ለቤት ቴሌቪዥን ገበያ የደረሰው በ1999 እ.ኤ.አ. ቲቮና ሪፕሌይቲቪ የተባሉ ሁለት ሣጥኖች አሜሪካ ውስጥ ሲሸጡ ነው፤ ዛሬ በሰፈራችን ሱቅ ያለው ርካሽ ሪሲቨር ያንኑ ይሠራል። ታይምሺፍት ሁልጊዜ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን ምርጫ ግን ያጥፉት። ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ፍላሹ ላይ ሲጽፍና ሲፍቅ ይውላል፤ ፍላሽ ደግሞ የሚጻፍበት ጊዜ ብዛት ገደብ አለው።

መብራት

በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች ይህንን ክፍል መዝለል አንችልም። ሪሲቨሩ በታይመር የሚነሣው በሪሞት ከጠፋ ብቻ ነው፤ ማለትም ትንሿ ቀይ መብራት በርታ ከቆየች። ከሶኬት ወይም ከማከፋፈያው ከተነቀለ የሞተ ዕቃ ነው። ማታ ማታ ሁሉን ነቅሎ የሚተኛ ቤተሰብ ቀጠሮ ባለበት ሌሊት ሪሲቨሩን ለብቻው ይተወው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዱ ሪሲቨር በራሱ ይነሣል፣ አንዳንዱ እስኪነኩት ይጠብቃል። ብዙዎቹ ለሰዓት ባትሪ ስለሌላቸው ከቻናል እስኪቀበሉ ድረስ ሰዓታቸው የተሳሳተ ነው። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አንድ ቻናል ከፍተው ሰዓቱ መስተካከሉን አይተው ብቻ መልሰው ያጥፉት።

በመቅዳት መካከል ከጠፋስ? ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ መጠኑ ዜሮ ሊያሳይ ወይም ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፍላሹን ፎርማት አያድርጉ፣ ሌላም ነገር አይቅዱበት። ኮምፒውተር ላይ ሰክተው የስሕተት ማረሚያውን ያስኬዱ፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ይገኛል። እሽጎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ መብራት እስከጠፋበት ደቂቃ ድረስ የተጻፈው ይጫወታል። የሚቻልዎ ከሆነ ደግሞ ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ ይግዙ፤ የሪሲቨርዎ አስማሚ 12 ቮልት ከሆነና የዩፒኤሱ አምፒር አስማሚው ላይ ከተጻፈው ካላነሰ ይሠራል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ቀረጻው አይቆምም፤ ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢም ኃይሉን የሚያገኘው ከሪሲቨሩ ነውና።

ፍላሹን ሲነቅሉ ቀዩ ምልክት መጥፋቱን አይተው፣ በሜኑው ማስወገጃ ካለ ተጠቅመው፣ ከሌለም ሪሲቨሩን አጥፍተው ይንቀሉ።

ማጫወት

የተቀዱት ዝርዝር በሜኑው ውስጥ ከማስቀመጫ ወይም ከሚዲያ ሥር ይገኛል። በፍጥነት ወደፊት ሲያስኬዱ ምስሉ እንደ ካሴት ሳይፈስ እየዘለለ የሚሄደው ሪሲቨሩ ሙሉ ምስሎቹን ብቻ እየመረጠ ስለሚያሳይ ነው፤ ብልሽት አይደለም። አንድ የተወሰነ ቦታ ለማግኘት በፍጥነት ከማስኬድ ይልቅ ደቂቃውን በቁጥር አስገብቶ መዝለል፣ ሪሲቨሩ ከፈቀደ፣ ይቀላል።

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ለማየት ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ ይጫኑ፤ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ለውጥ ይከፍታል። አንዳንድ ሪሲቨር ግን የሚጽፈው ራሱ ብቻ በሚያነበው መንገድ ነው። ካርድ ከሚጠይቁ የክፍያ ቻናሎች የተቀዳም እንደዚሁ ከሣጥኑ ውጭ አይከፈትም። ለቤተሰብ የሚልኩት ነገር ለመቅዳት ካሰቡ አስቀድመው የሁለት ደቂቃ ሙከራ ቀድተው ስልክዎ ላይ ይሞክሩት።

ማስቀመጥ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ቀድቶ መሸጥ፣ ቪዲዮ ቤት ማሳየት ወይም ኢንተርኔት ላይ መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድራማውን የሠሩ ሰዎች እንጀራ ነውና እንተውላቸው።

ፍላሽ መሸጋገሪያ እንጂ ጎተራ አይደለም። ይጠፋል፣ ከልብስ ጋር ይታጠባል፣ ሳይነካ ዓመታት ሲቆይም የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ዋጋ የሚሰጡትን ቀረጻ በዚያው ሳምንት ወደ ኮምፒውተር ወይም ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሁለት ቦታ ይኑር። ሪሲቨሩ ላይ የሚቀረውን ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ባለው የቁልፍ ምልክት ይቆልፉት፤ ቦታ ሲሞላ ልጆች የማያውቁትን ፋይል ለመሰረዝ ወደኋላ አይሉም።

ስሙንም ይቀይሩ። ሪሲቨሩ የሚሰጠው ስም የቻናሉ ስም፣ የፈረንጅ ቀንና ተራ ቁጥር ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። የግእዝ ፊደል አንዳንድ ሪሲቨር ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ስለሚታይ በአማርኛ የሚጽፉት ኮምፒውተር ላይ ባለው ቅጂ ይሁን።

የጎረቤቴን ፋይል በድጋሚው ሥርጭት፣ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በ3 ሲቀነስ አስተካክለን 08:55 ላይ ቀጥረን አገኘነው። መጀመሪያው ላይ አራት ደቂቃ ማስታወቂያ አለው። አንዱ ቅጂ እሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይገኛል፣ ሌላው በልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የልጁ ስም፣ የግጥሙ ርዕስና ቀኑ በዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል።